ከፋብሪካው ሻይ ላይ ስለተነሣው ስኳር

ለተከበሩ የሳሙና ፋብሪካው የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይም ደግሞ ውሃ ሽንትዎ እንዴት ነው? በቀድሞው ጊዜ የሰው ሰላምታ እዚህ ድረስ አይወርድም ነበር፤ እርስዎ ግን ባለፉት ወራት ስለ ሠራተኛው ሁሉ ውሃ ሽንት ከወለደችው እናቱ አብልጠው ስለተጨነቁ፣ አጸፋውን ሳልመልስ ብቀር ብልግና ይሆንብኛል ብዬ ነው። እኔ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ባለችው ባለ አንድ ወንበር ሱቅ ፀጉር የምቆርጥ ሰው ነኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ምላጭ ከምጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ስጠብቅ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢወላገድ ጥፋቱን በእኔ ላይ ሳይሆን በጋዜጠኞቹ ላይ ያድርጉልኝ።

ክቡርነትዎን የማስቸግረው በትንሽ ጉዳይ ነው። ስለ ስኳር ነው።

አንደኛ፦ እንደሚያውቁት የፋብሪካው ሻይ ክበብ ወደ መንገዱ የሚከፈት መስኮት አለው፤ እኛ የአካባቢው ባለሱቆችም ከሠራተኛው ጋር ተሰልፈን ከዚያ ሻይ እንገዛለን። በመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት የስኳር ጣሳ ነበረች፤ ማንኪያዋ እንዳይጠፋ በቀጭን ሰንሰለት ታስሮ ነበር። ዛሬ ጣሳዋም የለች፣ ማንኪያውም የለም፤ የቀረው ሰንሰለቱ ብቻ ነው። ሻይ ቀጂዋን ብንጠይቃት «እኔ ምን አውቄ፣ ከላይ ታዟል፤ ለጤናችሁ ነው ተብሏል» አለችን። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ «ለጤናችን ከሆነማ አለቃውን ያንሱልን» ብሎ አጉረመረመ፤ ማን እንደሆነ ዘወር ብዬ አላየሁም፣ ባይም አልነግርዎትም።

ነገሩን ሳጣራ የፋብሪካው ሐኪም ከሳሙና ማፍሊያውና ከመቁረጫው ክፍል ወንዶች በግማሽ ያህሉ ሽንት ውስጥ ስኳር ማግኘቱን፣ እርስዎም ወዲያውኑ በአባትነት ስሜት ተነሥተው ስኳሩን ከሁላችንም ላይ ማንሣትዎን ሰማሁ። ድንጋይ ቢውጥ የሚፈጨው ጎረምሳ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ሆነ ማለት ነው። እርስዎ ያመኑትን ይህን ተአምር እኔ መጠራጠር የለብኝም፤ ምሥጢሩን ስለማውቀው ግን ወደ ታች ስንወርድ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ በሮቹ ላመስግንዎ እወዳለሁ። ለአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ሽንት የሚሰጥ ሠራተኛ እንዳያጭበረብር ብለው የሽንት ቤቶቹን በሮች ከነማጠፊያቸው ማስነቀልዎ የሥራ ፍቅርዎን ያሳያል። ከተነቀሉት በሮች አንዱን አስጠርበው በዋናው መግቢያ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማድረግዎ ደግሞ ቁጠባዎን ያሳያል። «ያልጠሩ ሠራተኞች» የሚለው ወረቀት የሚለጠፍበት ሰሌዳ ከጎኑ መቀርቀሪያ እንዳለው አስተውለዋል? እኔ ግን በየቀኑ ከሱቄ ሆኜ አየዋለሁ። የሰው ገበና ይሸፍን የነበረ እንጨት የሰው ገበና ሲያሰጣ ሳየው፣ እንጨትም እንደ ሰው ሹመት ሲያገኝ ጠባዩ ይለወጣል እላለሁ።

በሴቶቹ በኩል ያስቀመጧት ተመልካች ብርቱ ሴት ናት። ወንበሯን ከሽንት ቤቱ ፊት አድርጋ፣ ሹራብ እየሠራች፣ ዓይኗን ከመርፌው ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ መርፌው ታመላልሳለች። ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ ያየች አንዲት ሳሙና ጠቅላይ እፊቷ ቁጭ ብላ አንዲት ጠብታ አልወርድ ብሏት ስታለቅስ፣ ተመልካቿ ክሯን ሳታቋርጥ «አይዞሽ እናቴ፣ ገና እጅጌው ላይ ነኝ» ብላታለች አሉ። ሹራቡ ለማን እንደሚሠራ አላውቅም፤ ለብሶት የሚሞቀው ሰው ካለ ግን እግዚአብሔር ይርዳው።

ሦስተኛ፦ በቃልዎ የማይወሰኑ ቸር ሰው ስለሆኑ አመሰግናለሁ። የምንፈልገው አደንዛዥ ዕፅ ብቻ ነው ብለው ነበር፤ ነገር ግን የሰው ሽንት አንዴ እጅዎ ከገባ በኋላ በከንቱ ይፈስሳል ብለው ስላዘኑ፣ ስኳሩንም፣ ኩላሊቱንም፣ ፅንሱንም አስፈለጉ። ማኅተም የምትመታዋ አዲስ ሙሽራ ማርገዟን የሰማችው ከእርስዎ ነው። በኮሪደሩ አስቁመው «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ለመሆኑ አንቺ ስትተኚ ሥራሽን ማን ሊሸፍነው ነው?» አሏት። ባሏ የሰማው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ከዘበኛው። አባት ሊሆን መሆኑን ከራሱ በፊት ዘበኛው ያወቀለት ሰው በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛ፦ ስለ እህቴ ልጅ ነው። ቀልዴን እዚህ ላይ ለአፍታ ወንበሩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እንዳይቀመጡበት ይጠንቀቁ።

የእህቴ ልጅ በመጠቅለያው ክፍል ሳሙና በወረቀት ትጠቀልላለች። በእጇ ቢላ የለም፣ አጠገቧ እሳት የለም፤ ከዚያ ሥራ የሚገኝ የከፋ አደጋ ጣትን ወረቀት መቁረጥ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል አብራኝ ትኖራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ሕመም አለባት። የሕመሙን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙን የሚያውቅ ሰው በእርስዎ ትጋት ከበቂ በላይ ሆኗል። ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ከመተኛቷ በፊት ትውጣለች፤ እሱን ይዛ ስንት ዘመን እንደ ማንኛችንም ስትሠራና ስትስቅ ኖራለች። የምናውቀው እኔ፣ እናቷ ነፍሷን ይማረውና፣ እና ሐኪሟ ነበርን። ያው ክኒን በእናንተ ምርመራ ሲታይ ከአደንዛዥ ዕፅ ወገን ይቆጠራል።

ምርመራው የመጣ ሰሞን «ልጄ፣ ምን ይሻላል?» ብላት «አጎቴ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? የሐኪም መድኃኒት ነው፤ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። ጠየቋት። የጠየቋት ግን እርስዎ ነዎት፤ ያውም የመጠቅለያውን መኪና አስቁመው፣ የሳሙና ሣጥን ላይ ቆመው፣ በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት።

«አንቺ፣ ነይ እስቲ ወደዚህ። የምትወስጂው ነገር አለ?» አሏት።

«አለ ጌታዬ፤ የሐኪም ነው። ቢሮ ገብቼ ልንገርዎ?» አለች።

«እዚህ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» አሏት።

እሷም ቀስ ብላ፣ ለእርስዎ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ ነገረችዎት። እርስዎም ከኋላ ያሉት የቤተሰቡ አባላት እንዳልሰሙ በማየትዎ የሕመሙን ስም በሙሉ ድምፅዎ ደገሙላቸው። በኋላ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን ሕመሙ የለም፤ «አደንዛዥ ዕፅ የተገኘባት» የሚል ብቻ አለ። በአፍዎ በሽተኛ፣ በወረቀትዎ ሱሰኛ አደረጓት። አንዲት ልጅ በአንድ ቀን ሁለት ሹመት ስታገኝ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላስረዳዎት፤ እርስዎ ከሣጥኑ ላይ ወርደው ወደ ምሳ ስለሄዱ አላዩትም። ከጎኗ የምትቀመጠዋ ጓደኛዋ በርጩማዋን አንሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። በሻይ ክበቡ ውስጥ እሷ የምትጠጣበት ስኒ ከሌላው እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት፤ ሕመሙ እንደ ጉንፋን የሚጋባ መስሏቸው። ማታ ማታ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ጠብቆ የሚሸኛት አንድ ልጅ ነበር፤ ከእኔ ጋር ባይነጋገርም ፀጉሩን ለመቆረጥ ከሚያስፈልገው በላይ ይመላለስ ነበርና ልቡን አውቄለት ነበር። አሁን በጀርባው በር ይወጣል። ፋብሪካው ሁለት በር እንዳለው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እነሆ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴዎ ተሰብስቦ ትባረር አትባረር ይወስናል ተብሏል። ብትባረር በመሰናበቻዋ ላይ ያቺው ቃል ትጻፋለች፤ ያቺን ቃል ያየ ቀጣሪ ደግሞ ወንበር ጋብዞ አያስቀምጣትም። ለእርስዎ የአንድ ከሰዓት ስብሰባ ነው፤ ለእሷ ቀሪ ዕድሜዋ ነው። ይህን ክፍል ጽፌ እንደጨረስኩ ለእሷ አስነብቤያታለሁ። ሁለት መስመር ሰርዛለች፤ የሰረዘችውን አልመለስኩም። እንዲህም ይሠራል፤ ከባድ አይደለም።

አሁን ቀልዴን ከወንበሩ ላይ አንሥቻለሁ፤ ወደ ስኳሩ ልመለስ።

ምርመራው በተጀመረበት ሰሞን ከእርስዎ ወንዶች አንዱ፣ ስሙን በምላጭ ቢልጡኝ የማልናገረው፣ ባዶ የሽቶ ጠርሙስ ይዞ ሱቄ ገባ። «ጋሼ፣ እርስዎ አይጠጡ፣ አያጨሱ፤ እስቲ በናትዎ ትንሽ ያበድሩኝ» አለኝ። እኔም «ብድር ከሆነ መልሰህ እንዳታመጣብኝ» ብዬ ሞላሁለት። በማግስቱ ጓደኛውን ላከ፤ ጓደኛውም ጓደኛውን። በዚያ ሳምንት ሱቄ ለፀጉር ከመጣው ይልቅ ለዚያ የመጣው በለጠ፤ እኔም እንደ ታለበች ላም ውሃ ስጠጣ ሰነበትኩ። ጠርሙሱ እንዳይቀዘቅዝ በብብታቸው ይዘውት ይሄዳሉ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዳይደርስባቸው ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የሚያወርድ ወንድ በፋብሪካው ውስጥ ጠፍቶ ነበር። የወንዶቹ ተመልካችስ አይሉኝም? እሱም ደንበኛዬ ነው።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። እኔ ስኳር አለብኝ። የራሴን ገበና በራሴ ፈቃድ ስገልጥ ምንም አያመኝም፤ ልዩነቱን ልብ እንዲሉልኝ ነው። እንግዲህ ሐኪምዎ በጎረምሶቹ ሁሉ ውስጥ ያገኘው ስኳር የእኔ የሽማግሌው ነው፤ ማንኪያችሁ ከሰንሰለቷ የተፈታችውም በእኔ ኩላሊት ጥፋት ነው። ወንዶቹን ሁሉ አባርራለሁ ካሉም ይችላሉ፤ ሳሙናውን እርስዎና ሹራብ ሠሪዋ ታፈሉታላችሁ።

ውጤቱን እስቲ በእርጋታ ይመልከቱልኝ። የሚያጨሰው አለፈ። የሚጠጣው አለፈ። ለእህቴ ልጅም ጠርሙስ አምጪ ብያት ነበር፤ «እኔ የምደብቀው ምን አለኝ?» ብላ የራሷን የሰጠች እሷ ብቻ ነበረች፤ የተያዘችውም እሷ ብቻ ናት። ወንፊትዎ ድንጋዩን አሳልፎ ዱቄቱን የሚያስቀር ስለሆነ፣ የሠራልዎትን ባለሙያ እንዳያጡት አደራ።

እኔም እንደ እርስዎ የሰው ምሥጢር በእጄ የሚያልፍ ሰው ነኝ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን ሰጥቶኝ ስለሚቀመጥ ልቡንም ይሰጠኛል። ማን ከሚስቱ እንደተጣላ፣ ማን ጭንቅላቱ ላይ ጠባሳ እንዳለው፣ ማን ሌሊት እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። ለምሳሌ አንድ የተከበሩ ኃላፊ ከቀኝ ጆሯቸው በላይ ያሳደጉትን አንድ እፍኝ ፀጉር በመሐል አናታቸው በኩል አሻግሬ ወደ ግራ እንዳስተኛላቸው፣ ጥቁሩም ከጠርሙስ የሚወጣ እንደሆነ፣ ስቀባም መጋረጃውን ዝጋ እንደሚሉኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም አልተናገርኩም፤ ስማቸውን ጻፍኩ እንዴ?

ከፀጉርም ዕፅ ይመረመራል ሲባል ሰምቻለሁ። ከፈለጉ የሱቄን ወለል ጠርጌ በጆንያ ልልክልዎ እችላለሁ፤ የእርስዎንም ጨምሮ። ያችን እንኳ ከሌላው ለመለየት አያዳግትም፤ ቀለም ትለቃለች።

አምስተኛ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ከሠራተኛው ሳይለዩ ከነገ ሰኞ ጠዋት ጀምሮ እንዲመረመሩ ማዘዙን በደስታ ሰማሁ። የእርስዎ ቢሮ ሽንት ቤት በሩ ስላልተነቀለ በክብር እንደሚስተናገዱ አልጠራጠርም። በዚህ አጋጣሚ ዝቅ ብዬ የምለምንዎት አንድ ነገር ቢኖር፣ ኮሚቴዎ ከሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ የእህቴን ልጅ ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ጥፋት እንዳልሆነ አንዲት መስመር…

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሩ እየተንኳኳ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው፣ ደንበኛ አይመጣም። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ውጪ ነፋስ አለ፤ የቆመው ሰው በአንድ እጁ አናቱ ላይ ያለችውን ፀጉር ወደ ግራ ይዟታል፣ በሌላው እጁ ኮቱ ሥር አንድ ነገር ደብቋል። ልመናዬን እዚህ ላይ አቋርጣለሁ። እንግዳው እርስዎ ነዎት።

ስለ ጤናችን እንቅልፍ ያጡ፣ ስለ ንጽሕናችን በር የነቀሉ፣ ስለ ቤተሰባዊነታችን ድምፅዎን ከፍ ያደረጉ ክቡር ሆይ፣ ዕድሜዎ እንደ ሳሙናዎ አረፋ እንዲበዛ፣ ስምዎ በየሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳይጠፋ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአንድ ብርጭቆ መራራ ሻይ ጋር እሰናበታለሁ።

ከፊት ለፊትዎ ያለው ፀጉር ቆራጭ፣
የጠቅላይዋ አጎት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጽፈው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው፤ የሚለጠፈው ደግሞ ሰኞ እኩለ ቀን በሱቄ መስተዋት ላይ ነው። ያን ጊዜ ጠርሙሱን አስረክበዋል፣ ኮሚቴዎ ደግሞ ገና አልተሰበሰበም።

የመጡበትን ጉዳይ ሲነግሩኝ ምን ፈርተው እንደሆነ አልጠየቅኩዎትም፤ የሰው ገበና ነው። ባዶውን ጠርሙስ ተቀብዬ ወደ ጓዳ ስገባ «በደንቡ መሠረት መጥተው ቆመው ይመልከቱኝ» ብዬ ለምኜዎታለሁ። እርስዎ ግን ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው «ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ነውር አይደል?» አሉኝ። ነውር መሆኑን ስላወቁ እንኳን ደስ ያለዎ። ጓዳው ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ነበርን፣ እኔና የእህቴ ልጅ፤ ጠርሙሱን የሞላው የትኛችን እንደሆንን ቆመው ቢያዩ ኖሮ ያውቁ ነበር። አመስግነው፣ ሞቅ ያለውን ጠርሙስ ብብትዎ ሥር አድርገው ሄዱ።

የእኔ ከሆነ ስኳር ይገኝብዎታል፤ እሱን እንደ ወንዶቹ በመራራ ሻይ ይወጡታል። የእሷ ከሆነ ግን የእሷው መድኃኒት ይገኝብዎታል። ያን ጊዜ «የእኔ ነው» ካሉ፣ ያቺ የለመንኩዎት አንዲት መስመር ከእሷ ይልቅ ለእርስዎ ታስፈልጋለችና ከሰዓት በኋላ ሳይዘነጉ ያጽፏት። «የእኔ አይደለም» ካሉ ደግሞ፣ የማንን ሽንት ይዘው እንደሄዱ ኮሚቴው ይጠይቅዎታል፤ ቢሮ ገብቼ ልንገራችሁ እንዳይሉ፣ ሁላችሁም ቤተሰብ ናችሁ።

በሩን ከዘጉ በኋላ የእህቴ ልጅ ከጓዳ ወጥታ እጇን በእርስዎው ሳሙና ስትታጠብ ሳቀች፤ ያ ሣጥን ላይ ከወጡበት ቀን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ለምን እንደሳቀች አልነግርዎትም፤ ገበናዋ ነው።